እርጥብ ጆንያ

በጣሊያን ዘመን፣ መጋቢት በገባ ቁጥር ኮልፌ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይሉ ነበር። ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም። ቁልፉ የረገፈ ካፖርት ለብሰው፣ ትከሻቸው ላይ ጆንያ ጣል አድርገው፣ የሣር ክዳን ቤቶቹን አንድ በአንድ ይዞራሉ። ወለተጻድቅ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ለማኝ መስለዋት እንጀራ ብታቀርብላቸው እጃቸውን አልዘረጉም፤ ውሃ ብቻ ለመኑና ጆንያቸውን ነከሩበት። እሳት ቢነሣ መምቻ ነው።

«ልጄ፣ ነፋሱ ከወጨጫ ተራራ በኩል ነው። ደመናውም ያጉረመርማል እንጂ አይዘንብም፤ መብረቅም ሆነ የምድጃ ፍንጣሪ ካረፈበት ይህ ደረቅ ሣር አይምርም። እሳትሽን አዳፍኚ» አሏት።

አዳፈነች። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ቆመው አዩና ወደ ጎረቤት አለፉ። እንዲህ እያሉ ሦስት መጋቢት ተመላለሱ።

በሦስተኛው፣ «አባቴ፣ የእርስዎስ ቤት የት ነው?» አለቻቸው።

ጆንያውን ጨመቁ።

«ነፋሱ የተነሣ ቀን እሳቱን ሳላዳፍን ገበያ ሄጄ ነበር» አሏት።

ዛሬ የወለተጻድቅ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ሽማግሌውም ከቀሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የመጋቢት ነፋስ በሯን ሲመታ ግን እሳቷን ታዳፍንና አንድ እንስራ ውሃ ደጃፏ ላይ ታስቀምጣለች።