ሰፊው ሕዝብ አፏን የፈታች ዕለት

ታናሽ እህቴ አራት ዓመት ሞልቷት አፏን አልፈታችም ነበር። ጆሮዋ ደኅና ነው፤ ቆሎ ሲታፈስ ከጓሮ ትሰማለች። እናቴ አሰላ ዙሪያ ያለ ጠበል ሁሉ አስጠመቀቻት። አክስቴ፣ «ተያት፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ዘመኑም የዝምታ ነው» ትላለች። እናቴ ግን «ዱዳ ወለድኩ» እያለች ታለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሙ ምላሷን አይተው፣ «ከልጆች ጋር ትጫወት። ልጅ አፉን የሚፈታው በጨዋታ ነው» አሏት።

«ለጨዋታማ ምን ሐኪም ቤት አመጣኝ! የሚሰጡኝ ኪኒን የለም?» አለቻቸው። የለም። እቤት ስንደርስ እኔ የዘጠኝ ዓመቷ፣ «በይ አጫውቻት» ተባልኩ።

እኛ ሰፈር የሚወደደው ጨዋታ ስብሰባ ነበር። እሑድ እሑድ አዋቂው ሁሉ ቀበሌ ይጠራል፤ ቀርቶ የተገኘ ወዮለት። እኛም ጭቃው ግቢ ውስጥ እንሰበሰባለን። ሊቀመንበር እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል! የጎረቤታችን ልጅ ጸሐፊ ናት፤ ወንዶቹ አብዮት ጥበቃ ሆነው እንጨት ይሸከማሉ። እህቴን ሰፊው ሕዝብ አደረግናት። ሰፊው ሕዝብ መናገር አይጠበቅበትም፤ እጁን ካወጣ ይበቃል። ሥራዋን አሳምራ ትሠራ ነበር።

አንድ እሑድ እናቴ የገብስ ቆሎ አካፍላን ወደ ስብሰባዋ ሄደች። እኔም አጀንዳ አቀረብኩ፦ የሰፊው ሕዝብ ቆሎ ለሊቀመንበር ገቢ ይሁን።

«የደገፈ?» ጸሐፊዋም ጥበቃዎቹም እጃቸውን አወጡ።

«የተቃወመ?» አልኩ። ለወጉ ያህል ነው እንጂ የተቃወመ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም።

«እኔ!» አለች እህቴ። «ቆሎዬን አልሰጥም!»

ጸሐፊዋ በኦሮምኛ «ዱበቴ!» ብላ ጮኸች፤ ተናገረች ማለቷ ነው። እህቴ ቆሎዋን በቀሚሷ ጠቅልላ፣ «አልሰጥም! እቃወማለሁ!» እያለች ቀጠለች። የአራት ዓመት ጥርቅም ነው መሰል፣ ጉሮሮዋ አልደከመም። እኔ ተናደድኩ፤ አጀንዳዬ ሳይጸድቅ ቀረ።

ይህን ጊዜ እናቴ ከስብሰባ ተመልሳ በሩ ላይ ደርሳለች። ከኋላዋ እውነተኞቹ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን አንግተው በመንገዱ ያልፋሉ። ያን ሁሉ ጠበል የዞረች ሴት፣ ሮጣ መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው የልጇን አፍ በመዳፏ መክደን ነው። «ዝም በይ! ሰው ይሰማሻል!»

ከዚያ ገባት። ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ነክሳ አለቀሰች። መንገዱ ጭር እስኪል ጠብቃ እጇን ከእህቴ አፍ ላይ አነሣችና ጆሮዋን አስጠጋች።

«በይ እስቲ ድገሚልኝ፣ የኔ እናት» አለቻት። «ቀስ ብለሽ።»