የተፈታው ጥቅል

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ "እስቲ ልየው" ነው የምንላት። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት የደመወዝ ክፍል ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። የሁለታችንም ሥራ የቀዶ ጥገና ዕቃ አጥቦ፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልሎ ማሰርና ጀርም የሚገድለው የእንፋሎት ማሽን ውስጥ መክተት ነው። እኔ ያሰርኩትን ዝም ብላ አታሳልፍም። "እስቲ ልየው" ትላለች፣ ትፈታዋለች፣ ከዚያ ልክ እኔ እንዳሰርኩት አድርጋ መልሳ ታስረዋለች። ስንት ጊዜ ከጀርባዋ እንደሳቅሁባት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ግን ማንም አይፈታውም። ጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር መስመሮቹ ከጠቆሩ እንፋሎቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ የምናየው እሱን ብቻ ነው። ላረጋግጥ ተብሎ ከተከፈተ ተበላሸ። ይህን ያስተማረችኝ ራሷ ናት።

ከእግዚአብሔርም ጋር ያው "እስቲ ልየው" ናት። ምሳ ሰዓት ላይ አንገቷን ደፍታ "ልጄን አደራህን" ትላለች፤ አሜን ብላ ሳትጨርስ ስልኳን አንስታ "የት ነሽ? በላሽ? አጠገብሽ ማን አለ?" ትላታለች። ልጇ አንዲት ናት፣ አባትየው ሞቷል።

"አደራ ሰጥተሽው መልሰሽ ትቀሚዋለሽ" እላታለሁ።

"አንቺም ስትወልጂ እናይሻለን" ትለኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ልጅቷን ከትምህርት ቤት ሆዷን እንደያዘች፣ እጥፍ እንዳለች ወደ እኛው ሆስፒታል አመጧት። ትርፍ አንጀት ነው፣ ሊፈነዳ ደርሷል፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ትገባለች ተባለ። እናትየው ውጭ አግዳሚው ላይ እንድትቀመጥ ተነገራት። እኔ ጓንት ላመጣ መጋዘን ደርሼ ስመለስ ክፍላችን ውስጥ አገኘኋት። ለልጅቷ የተዘጋጀው ጥቅል ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ እሷ መቀሶቹን ወደ መብራቱ እያነሳች ታያለች።

"እትዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ትንሿን መቆንጠጫ... ያስገባኋት አልመሰለኝም።"

"ታዲያ የለችም?"

"አለች" አለችና እጇን አየችው። ጓንት እንኳ አላጠለቀችም። ያደረገችው ያኔ ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ሌላ ዝግጁ ጥቅል አልነበረንም። ሁለተኛው ጠዋት ምጥ ለጠናባት ሴት ውሏል፣ ገና አልታጠበም። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ነርሷ ብቅ ብላ ዕቃውን ስትጠይቅ "ተከፍቷል፣ እንደገና ማሽን ይገባል" አልኳት። ማን ከፈተው አላለችም። "በእናታችሁ ፍጠኑ፣ ትኩሳቷ እየጨመረ ነው" ብላ ሄደች። ማሽን ደግሞ ቢለምኑትም ቢሰድቡትም አይቸኩልም።

እትዬ አዲስ ጨርቅ አንስታ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈችው፣ እንደገና ዘረጋችው።

"ተዪው፣ እኔ አስረዋለሁ። አንቺ ውጪ።"

እኔን አየች፣ ዕቃውን አየች። "እስቲ..." ብላ ጀመረችና አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ወጣች።

ጠቅልዬ አሰርኩ፣ አስገባሁ፣ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። ከግድግዳው ማዶ ድምጿ ይሰማኛል። ስትጸልይ ሁልጊዜ ለእግዚአብሔር ሥራ ታከፋፍላለች፤ የሐኪሙን እጅ አጽና፣ መብራቱን አታጥፋ፣ ያቺን ነርስ አረጋጋት። ያን ቀንም በዚያው ጀመረችና መሃል ላይ አቆመች።

"ጌታዬ፣ ያንተ ናት" አለች በመጨረሻ። "ብትመልስልኝም ያንተ ናት። ባት... ባትመልስልኝም። እኔ ከእንግዲህ አልነካም።" ከዚያ በኋላ ለቅሶ ብቻ ነበር።

ማሽኑ ጮኸ። ጥቅሉን አወጣሁ፤ መስመሮቹ ጠቁረዋል። የነርሷ ኮቴ ከኮሪደሩ ይሰማል። በዚህ መሃል ክው አልኩ። ትንሿን መቆንጠጫ አስገብቻታለሁ? እትዬን ለማስወጣት ስጣደፍ የሆነ ቦታ ጥያት ቢሆንስ? ጠረጴዛውን አየሁ፣ ባዶ ነው። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ፣ ምንም የለም። ቀና ስል ጣቶቼ ቋጠሮው ላይ ናቸው። መቼ እንደደረሱ አላውቅም። ብቻ አንድ ጊዜ ገለጥ አድርጌ ባየው!

ከግድግዳው ማዶ እትዬ አሁንም ታለቅሳለች። ስንት ዓመት ሙሉ ነው የሳቅሁባት? እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ "ጌታዬ፣ አንተው ያዘው" አልኩ።

"ሙሉ ነው?" አለች ነርሷ ስትገባ።

"ሙሉ ነው። ውሰጂው።"

ሄጄ ከእትዬ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ጥቅሉ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ተዘግቶ ቆየ። ሰው ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፣ መልሰን እንቀመጣለን።

በመጨረሻ ነርሷ ጭምብሏን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ወጣች። "ሳይፈነዳ ደረስንበት። ደህና ናት፣ ገብተሽ እያት።"

እትዬ ብድግ አለች፣ መልሳ ተቀመጠች። ክንዴን ያዘችኝ።

"እስቲ አንቺ እዪልኝ" አለች።