የታሰረው ኢንዛይም

ባለፈው እሑድ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የልጅ ልጄ ስልክ ደወለችልኝ። «እምዬ፣ የቅጠል ኢንዛይም ሲጨልም ለምንድን ነው ሥራ የሚያቆመው? ባዮሎጂ አስተምረሽ የለ?» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ የተመደብኩ ልጅ እግር መምህርት ነበርኩ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ተማሪው የባቄላ እሸት በኪሱ ሞልቶ ክፍል የሚገባበት ወቅት። እኔም አንድ የባቄላ ቅጠል ቀጥፌ ገባሁ። በእንግሊዝኛ ስላልገባቸው በአማርኛ ደገምኩት። «ስኳር ለመሥራት የሚያግዙ ኢንዛይሞች አሉ። ሲጨልም በላያቸው ያሉት ሁለት ሰልፈሮች እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ ሥራው ይቆማል። ብርሃን ሲመጣ ይፈታሉ» አልኩ።

ከኋላ ሙሉ የምትባል ተማሪ ተነሣች። አባቷ ከታሰሩ ከርመዋል። «ቲቸር፣ ታዲያ መቼ ነው የሚነጋው?»

ማንም አልሳቀም። እሸት የሚፈለፍለው እጅ ሁሉ ቀጥ አለ።

በማግስቱ ጠዋት የወረዳው ካድሬ ወሬው ደርሶት አስጠራኝ። ኮረኮንቹ መንገድ አላልቅ አለኝ።

«ጓድ መምህርት፣ የታሰረው ማን ነው?» አለኝ።

«ኢንዛይም ነው፣ ጓድ።»

«ይሄ ሰሙ ነው። ወርቁን ንገሪኝ።»

ወረቀት ሰጠኝና የሁለቱን ሰልፈሮች ሥዕል ሳልኩለት። ሥዕሉን ትክ ብሎ አየና፣ «መቼ ነው የሚነጋው ያለውስ ማን ነው?» አለ።

«ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነበር። አላየሁም።»

«ድምፅም አትለዪም?»

«ለአገሩ አዲስ ነኝ፣ ጓድ።»

መዋሸቴን ያወቀ መሰለኝ። «ሂጂ» አለኝ ብቻ።

ክፍል አልተመለስኩም። በቀጥታ የሙሉ እናት ጠላ ወደሚሸጡበት ቤት ገባሁ። «እትዬ፣ ልጅቷን አሁኑኑ ያሽሿት» አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ዳቦ በነጠላ ቋጥረው፣ ከገበያተኛ ጋር ቀላቅለው ወገዳ የሚባል አገር አክስቷ ዘንድ ሰደዷት። ሊይዟት ሲመጡ አላገኟትም።

ያን በጋ መኪና ባጓራ ቁጥር የመጡት ለእኔ ይመስለኝ ነበር። ልብሴን ለብሼ ነበር የምተኛው። ማንም አልመጣም፤ ለምን እንደተዉኝ ዛሬም አላውቅም። ሙሉ ተርፋ ነርስ ሆነች። አባቷ ግን ከታሰሩበት አልተመለሱም።

ያ መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመኑ! ሰው ግን የፈራውን ነገር በአእምሮው ቢረሳው እንኳ በገላው ሳይረሳ ይኖራል መሰለኝ። ለልጅ ልጄ በስልኩ ስለ ሰልፈሮቹ፣ ስለ መታሰራቸውና ስለ መፈታታቸው ማስረዳት ጀመርኩ።

«እምዬ፣ ምን ያንሾካሹክሻል? አይሰማም እኮ» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ጮክ ብዬ እንደገና ጀመርኩላት።