ቅጠሉ ያዞረን ቀን

በሚሊኒየሙ ሰሞን ወደ ቦንጋ እንግዳ ይጎርፋል ተባለና፣ የባህል ቢሮ ሰዎች በየመታጠፊያው ቀስት የተሳለበት ሳንቃ ቸነከሩ። አስጎብኚ አያስፈልግም፤ ቀስቱን እየተከተሉ ቅርሱን ዞሮ ማየት ነው። እንግዳው ሳይመጣ እማዬ ከደካ እኔ ዘንድ መጣች። ሐኪሙ ግራ ዓይኗ እንደጠፋ፣ ቀኙም እየሄደ እንደሆነ ነግሯታል።

"ሳይጨልምብኝ የልጅነቴን ምንጭ አሳዪኝ" አለች።

እሷ ለትዳር ከወጣች ወዲህ መንገዱ ሁሉ ተቀያይሯል፤ እኔም ያን ሰፈር አላውቀውም። ደግነቱ ምንጩ የቀስቶቹ መጨረሻ ነበር። የደካ መኪና ግን ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰዓቴን አያለሁ፣ ሰማዩን አያለሁ፣ ደግሞ ሰዓቴን።

"ፍጠኚ እንጂ እማዬ!"

"ቦንጋ ዳገቷን ትቀንስልኝና እፈጥናለሁ።"

መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ቀስቱ ግራ ይላል። ግራው ላይ ግን እርጥብ ቅጠል ተጋድሟል። በእኛ አገር ፊት የሄደ ሰው ለኋለኛው "በዚህ አይደለም" የሚለው እንዲህ ነው።

"ቀስቱ እኮ በዚህ ነው የሚለው" አልኳት።

በእግሯ ዳበሰችው። "ሳንቃው የከረመ ነው፤ ቅጠሉ የዛሬ ነው። ድልድይ ተሰብሮ ቢሆንስ?"

በቀኝ ሄድን። ቅጠሉ ለካ ለቅሶ ደራሽ እንዳይሳሳት የተጣለ ኖሯል፤ በቀጥታ ወስዶ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከተተን! ሳይቀመጡ መውጣት ደግሞ ነውር ነው። የማናውቀውን ሟች አለቀስን፤ እማዬማ ከልቧ። ንፍሮ ቀረበ። እግሬ አላርፍ አለ። ከታች ከመናኸሪያ ክላክስ ሲጮህ ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሆኗል።

አጠገባችን የተቀመጡ ባልቴት "ከየት መጡ እትዬ?" አሏት። ስለ ምንጩ ነገረቻቸው።

"ውይ! እሱማ በሲሚንቶ ታሽጎ ቧንቧ ወጣለት።"

እማዬ የያዘችውን ንፍሮ አስቀመጠች።

"እንመለስ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"መኪናው እንደሆነ ሄዷል። አሁን ምን ያስቸኩልሻል? ተነሺ።"

ባልቴቷ በጓሯቸው፣ በእንሰቱ መሃል አቋራጩን አሳዩን። ስንደርስ ማካፋት ጀምሯል። ግራጫ ግንብ፣ ቧንቧ፣ የተሰለፈ ቢጫ ጀሪካን። እማዬ ፊቷን ወደ ግንቡ አስጠግታ ብዙ ቆየች።

"እናቴ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይስ?"

ጭቃውን እየረገጥኩ ግንቡን ዞርኩት። ከጀርባው፣ ከሲሚንቶው ሥር፣ ጠርዙ ብቅ ብሏል፤ ልስልስ ያለ። እጇን ይዤ አስነካኋት። ዳበሰችውና ተቀመጠችበት። ዝናቡ በረታ።

"እማዬ፣ ትበሰብሻለሽ!"

ዓይኗን ጨፍናለች።

"ተይኝ፤ እያየሁ ነው።"