ስድስት ሩብ

አስካለማርያም ሀብተ ማርያም በ1971 ዓ.ም. ከምንም በላይ የምትፈራው ሙሉ ስሟን መጠራት ነበር። «ቲቸር» ካሏት ተማሪ ነው፤ ደግ። «አስካለ» ካሏት ጎረቤት ነው። ከነአባቷ የሚጠራት ከመጣ ግን ነገሩ የቀበሌ ነው። ባለፈው ዓመት የሒሳብ መምህሩን ከመምህራን ማረፊያ ሙሉ ስሙን ጠርተው ወሰዱት፤ ጠመኔ የነካው ጋዋኑ ወንበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ ዝም አይነቅዝም። የሱን ክፍል ደርበሽ አስተምሪ ሲሏት «እሺ» ብላ ወጣች።

ከክፍሉ ጋር የማጠናከሪያውን ትምህርት ወረሰች። በሒሳብ የወደቁ አሥራ ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች፣ ሌላው ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ አሥር ሰዓት ላይ የጋለ ቆርቆሮ ሥር ይሰበሰባሉ። ግቢው ሁሉ «የደደቦች ክፍል» ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ክፍልፋይ ላይ ጉዳቸው አያድርስ ነው። አንድ ስምንተኛ ከሩብ ይበልጣል ባዮች ናቸው፤ ስምንት ከአራት ይበልጣላ! ደምሩ ሲባሉም ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምረው ያርፉታል። ሩብና ሩብ፣ ሁለት ስምንተኛ!

አምስት ወር ለፋች። በመጨረሻ አንድ ቀን ከቀፊራ ገበያ ሁለት እኩያ ፓፓያ ገዝታ መጣች፤ አንዱን አራት ላይ፣ ሌላውን ስምንት ላይ ቆረጠችው። «አንድ አንድ ቁራጭ አንሱ፤ ከየትኛው ይሻላችኋል?» ስትላቸው ከስምንቱ ሊያነሱ ተጋፉ። ዛምዛም የምትባል፣ እናቷ ሃሊሞ ቀፊራ ቲማቲም የምትሸጥ ልጅ፣ የራሷን ቁራጭ ከጓደኛዋ ቁራጭ ጋር አስተያየችና ጮኸች።

«አቦ ቲቸር! ሲበዙ ይቀጥናሉ እኮ! ወላሂ ሸውደሽናል!»

ከዚያ በኋላ ልጅቷን ማን ይቻላት። ሁለት ሩብ ግማሽ፣ አራት ሩብ አንድ ሙሉ፣ እያለች ለሌሎቹም ታስረዳ ጀመር። አስካለማርያም የዚያን ቀን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ስንት ጊዜ ደደብ የተባለች ልጅ ሌላውን ስታስተምር ማየት፣ ለአስተማሪ ከዚህ በላይ ምን አለ?

ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሳምንቱ ዛምዛም የቤቱን የራሽን ካርድ ይዛ ቀበሌ ሱቅ ተሰለፈች። ስኳር ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ ነው፤ እነሱ ስድስት ናቸው። ባለሱቁ አንድ ኪሎ ከሩብ መዘነላትና «ቀጥሎ!» አለ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

«አንተ፣ ስድስት ሩብ እኮ አንድ ተኩል ነው። አንዱ ሩብ የታለ?»

ድሬዳዋ ላይ ልጅ ሽማግሌውንም «አንተ» ቢል የሚቀየም የለም። ባለሱቁ ግን ከደጋ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ ስድብ መሰለው። የባሰው ደግሞ ሰልፈኞቹ ሴቶች አንድ በአንድ ካርዳቸውን እያወጡ ማየት መጀመራቸው ነበር። «ማነው ይኼን ያስተማረሽ?» ሲላት ዛምዛም ደረቷን ነፋ አድርጋ፣

«ቲቸር አስካለ!» አለችው።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ የክፍሉን በር ገፋ አደረገ። «አስካለማርያም ሀብተ ማርያም! ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል። ስኳር የጠየቀችውንም ልጅ ይዘሽ ነይ።» ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ዛምዛምን አስከትላ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደች።

ሊቀመንበሩ ገብረ መድኅን ሽጉጡን ከፋይሉ አጠገብ አስቀምጦ ተቀምጧል። ባለሱቁ ከኋላው ቆሟል።

«ከትምህርት በኋላ ልጅ እየሰበሰብሽ ሕዝብ በአብዮቱ ላይ የምታስነሺው፣ ማን አዞሽ ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ክፍልፋይ ነው የማስተምራቸው። ሌላ ምንም የለም።»

«እስቲ እንየው ክፍልፋይሽን። ልጅት፣ ነይ ሥሪው።»

ዛምዛም እርሳሱን ተቀበለች። አምስት ወር ሙሉ «ይግባቸው» ብላ የጸለየችው አስካለማርያም አሁን በሆዷ «ድንግል ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አሳስቻት» አለች። ያ ጸሎት ኋላም እስክትሸመግል ድረስ ሲያሳፍራት ኖረ። ድንግልም አልሰማቻት፤ ልጅቷ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ ስድስት አራተኛ እኩል ይሆናል አንድ ከአንድ ሁለተኛ፣ ብላ በጥንቃቄ ጻፈች።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ወደ መምህርቷ ገፋው።

«የሒሳብ መምህሯ አንቺ ነሽ። ትክክል ነው ወይስ ስህተት?»

የተጠየቀችው ሒሳብ እንዳልሆነ ገብቷታል። ዛምዛም ፈገግ ብላ ታያታለች፤ ምስጋናዋን እየጠበቀች ነው።

«ስህተት ነው» አለች አስካለማርያም።

«ሰርዢውና ፈርሚበት።»

ሰርዛ ፈረመች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ለአብዮት ጥበቃው አቀበለው። «ሱቁ በር ላይ ለጥፈው፤ ሁሉም ይየው። በሉ ሂዱ፤ ልጅ ተሳሳተ ተብሎ አይታሰርም።»

የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ሲያቋርጡ ጠባቂው ወረቀቱንና ሙጫውን ይዞ ከኋላቸው ነበር፤ መንገዳቸው አንድ ነው። ዛምዛም ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

አስካለማርያም ዞር አለች። ሰውየው ከአሥር እርምጃ አይርቅም።

«ታችኛውንም… ታችኛውንም መደመር ነበረብሽ።»

«ፓፓያውስ?»

«ፓፓያ ሌላ፣ ሒሳብ ሌላ።»

ልጅቷ ቆም ብላ በጣቷ አየር ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና አጠፋችው። ቀና ስትል የመምህሯ ዓይን እንባ ሞልቷል። ደነገጠች፤ እጇንም ያዘቻት።

«አይዞሽ ቲቸር፣ በእኔ ምክንያት ነው የተቆጡሽ። ሁለተኛ አልሳሳትም፣ ወላሂ። ነገ ደግሞ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ነኛ ያሳሳትኳቸው።»

አስካለማርያም ልትናገር አፏን ከፈተች። ጠባቂው ደርሶባቸው፣ ጎን ለጎን እየሄደ ነበር።

«ጎበዝ» አለቻት።