ከውጭ የሚቆለፍ በር

ሪያድ ውስጥ ነሲም በሚባል ሰፈር ከአንድ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የልጅ ልጆች እያሉኝ ነው የሄድኩት፤ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ዕድሜዬን አሥር ዓመት አስቀንሶ ነበር። ቤተሰቡ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አያትየው ዘንድ ይሄዳል። ሲወጡ የብረቱን በር ከውጭ ይቆልፉብኛል። እስኪመለሱ ብቻዬን ነኝ። አንዳንዴ ድምፄ እንዳይጠፋብኝ የልጅ ልጆቼን ስም ጮክ ብዬ እጠራ ነበር።

የቤቱ ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ትማራለች። «ኻላ» ትለኛለች፣ አክስቴ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ኩሳ፣ ዝኩኒውን ማለቴ ነው፣ ስፈለፍል አጠገቤ ቁጭ ብላ ክፍል የምታቀርበውን ጽሑፍ ወደ ዐረብኛ እየመለሰች ተለማመደችብኝ። ከመቶ ዓመት በፊት ስለተጻፈ የእንግሊዞች ልብ ወለድ ነው፤ ተማሪዎቹ ቦታ የሰውን ዕጣ እንዴት እንደሚወስን አሳዩ ተብለዋል። በታሪኩ ውስጥ ነፋስ በሚገርፈው ሜዳ ላይ ግድግዳው ውሃ የሚያነባ ቤት አለ። የቤቱ ገረድ ሳንባዋን ታማ ትሞታለች።

«ቤቱ ነው የገደላት» አለች።

«ጌቶቿስ ሞቱ?»

«አልሞቱም። እነሱ የሚተኙት እሳት ያለበት ክፍል ነው።»

«ታዲያ ቤቱ ምን አደረገ? እርጥቡ ክፍል ያስተኛት ሰው ነው።»

ሳቀች። «አንቺ ፈታኝ ብትሆኚ ሁላችንም እንወድቅ ነበር።»

«አትሳቂ። ዓርብ በሩ ተቆልፎብኝ ሳለ ጋዙ እሳት ቢያስነሳ፣ ነሲም ገደላት ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ለእናቷ ብትነግር ልባረር እንደምችል የገባኝ ኋላ ነው። ቢሆንም አልጸጸተኝም። ግን አጠገቤ መምጣት ስለተወች ናፈቀችኝ፤ በዚያ ቤት ከማዘዝ ውጪ የሚያናግረኝ እሷ ብቻ ነበረች።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሁሉም ኋላ ከቤት የወጣችው እሷ ናት። መኪናው ሲሄድ ሰማሁ፣ ቁልፉ ሲዞር ግን አልሰማሁም። ወደ በሩ ብሄድ ቁልፉ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

በሩን ከፈትኩ። መንገዱ ላይ ፀሐይ እንጂ ሰው የለም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አሠሪዬ እጅ ነው፣ የማውቀው ሰው የለኝ፣ የት እሄዳለሁ? ቀና ስል ከፊት ለፊቱ ቤት ፎቅ፣ ከመስኮቱ ብረት ጀርባ፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ታየኛለች። የየት አገር ሰው እንደሆነች አላወቅሁም። ደስ ብሎኝ ቁልፌን አሳየኋት። እሷ ወደ በራቸው ጠቁማ ጣቶቿን እንደ መቆለፍ አዞረች። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፤ አፈርኩ።

ከዚያ በኋላም ልጅቷ ዓርብ ዓርብ ቁልፉን ትታልኝ ትወጣ ነበር፤ እኔ ግን የትም አልሄድኩም። የፕላስቲክ ወንበር አውጥቼ ደጃፉ ላይ እሷ ከምታየኝ ቦታ እቀመጥ ነበር።