ወደ ኋላ የሚሄደው ፎቶ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኳን አምጥታ ፊቴ ላይ ደቀነችው። የቤተሰባችንን ፎቶዎች መርጣ አንዴ ነካ ብታደርገው፣ ስልኩ ራሱ ሙዚቃ ጨምሮበት ሁሉንም ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚያመጣ ቪዲዮ ሠርቶላታል። አባቴም እንደ ሌላው ሰው ወደ ፊት መጣ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። "እሱንስ እንዲህ አያደርጉትም" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም ሻዬን ይዤ በረንዳ ላይ ወጣሁ።

በወጣትነቴ ጭሮ ከተማ ውስጥ፣ መናኸሪያው አጠገብ በሚገኝ ፎቶ ቤት ውስጥ ቪዲዮ አቀናብር ነበር። ክፍላችን ፎቅ ላይ ናት። ከታች የጫት መኪኖች ጥሩምባና የሳምቡሳ ዘይት ሽታ ይወጣል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ኪቦርዱ ላይ ሳይቀር ይተኛል። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምፒውተሩን መወልወል ነበር።

በሰርግ ፊልም መግቢያ ላይ የሁለቱ ወገን ቤተሰብ ፎቶ ይደረደራል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቶፊቅ፣ ቁጡ ቢሆንም ሙያ የማይሰስት ሰው፣ መጀመሪያ ያስተማረኝ አንዱን ፎቶ በደንብ ማንቀሳቀስ ነው። ከየት ይነሳል፣ የት ይደርሳል፣ በምን ፍጥነት ይሄዳል። ያ ከተስተካከለ በኋላ እንቅስቃሴውን ብቻ ኮፒ አድርጎ በቀሩት ፎቶዎች ላይ መለጠፍ ነው። እኛ ቤት ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይቀርባል፤ የሞተ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ግን በአካባቢው ሰርግ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶው ወደ ኋላ ማለት ሲጀምር ቤቱ ሙሉ ሰው "አላህ ይማረው" ይላል። ስለዚህ ፎቶ ስንቀበል ሁልጊዜ "በሕይወት አለ?" ብለን እንጠይቅ ነበር።

ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን አዴ ዘይነባ የልጃቸውን የኢክራምን የሰርግ ፎቶዎች ይዘው መጡ። ገበያ ላይ ብርቱካን የሚሸጡ፣ ሁሉም የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። ከፎቶዎቹ መሐል የወንድሟ የሙክታር ነበረበት። ሙክታር በየመን አድርጎ ሳዑዲ ለመግባት ከወጣ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ጀልባዋ ተገልብጣ ሙክታር እንደሰጠመ አብሮት የተሳፈረ የቦርደዴ ከተማ ልጅ ደውሎ ተናግሯል። ሬሳውን ግን ያየ የለም። እናቱም ለቅሶ አልቀመጥም ብለው እንቢ እንዳሉ ናቸው።

የተለመደውን ጥያቄያችንን ልጠይቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

"ኢንታላኮ፣ ልጄ፣ እሱንም እንደ ሙሽራዋ አድርጊልኝ። በሰው ፊት ወደ ኋላ እንዳትወስጂብኝ።"

በማግስቱ ባላቸው ጋሽ አብዱረህማን ብቻቸውን ደረጃውን ወጡ። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም።

"እናቱ ምን እንዳለችሽ አውቃለሁ" አሉኝ። "አንቺ ግን እንደ ሞቱት ሰዎች አድርጊለት ልጄ። ሰው ሁሉ አንድ ላይ አላህ ይማረው ሲል ከሰማች ትቀበለዋለች። እስካሁን እኔ ብቻዬን ነው የምለው።"

ጭንቅ ያዘኝ። ቶፊቅን ባማክረው "እናት እንዳለችው ሥሪና ሁለቱም መጥተው ይዩት" አለኝ። የሙሽራዋን እንቅስቃሴ ኮፒ አድርጌ ሁሉም ላይ ለጠፍኩት፤ ሙክታርም ላይ።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። አጎቶች መጡ፣ አክስቶች መጡ። ከዚያ ሙክታር፣ እዚያው እኛ ፎቶ ቤት የተነሳው ፎቶ ውስጥ፣ ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቆሞ እየቀረበ መጣ። ዓይኑ በደንብ መታየት ሲጀምር ተቆረጠና ሌላ ሰው ተተካ።

"መልሺው" አሉ አዴ ዘይነባ። መለስኩት። "አሁንም መልሺው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልክ ሊደርስልኝ ሲል ነው የሚጠፋው።"

"ላስረዝምልዎት እችላለሁ" አልኳቸውና አስረዘምኩት። ሙክታር ከበፊቱ ይበልጥ ቀስ ብሎ መጣ፤ መጨረሻው ግን ያው ነው።

"እስከ መቼ ታስረዝሚዋለሽ?" አሉኝ። አልተቆጡም። ድምፃቸው የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። "በይ ሌላውን አሳዪኝ።"

የሙታኑን እንቅስቃሴ ከአንድ የቆየ ሥራ ላይ ኮፒ አድርጌ ሙክታር ላይ ለጠፍኩት። ልጁ ከፊቱ ጀምሮ ትከሻው፣ ከዚያ መጋረጃው እየታየ፣ እያነሰ ሄደ። አዴ ዘይነባ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያልቅ ተመለከቱና "አላህ ይማረው" አሉ። "ይሄው ይሁን።"

ይህን ሊለምኑኝ መጥተው የነበሩት ጋሽ አብዱረህማን ተነስተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲያለቅሱ ሁላችንም ሰማናቸው።

ሰርጉ ባለፈ በሳምንቱ አዴ ዘይነባ ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ አስነጥፈው ለቅሶ ተቀመጡ። ኢክራም የእጇ ሂና ሳይለቅ ለለቀስተኛው ውሃ ታቀርብ ነበር። ሰዉ ከዚያው ግቢ በልቶ ከሄደ ገና ሳምንቱ ነውና ምን ብሎ እንደሚገባ ጠፍቶት በር ላይ ይቆም ነበር።

ሐዘናቸው ቀለለላቸው ብል ደስ ባለኝ ነበር። አልቀለለም፤ መጠበቃቸው ብቻ ነው የቆመው። አሁን እሳቸውም አርፈዋል። ከሙክታር ዛሬም ወሬ የለም። እኔ በእናቱ ፈቃድ እንዳደረግኩት አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ የዚያ ልጅ ፊት እያነሰ ሲሄድ ማየቴ ከሆዴ አልወጣም። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የጋሽ አብዱረህማን ነገር ነው። ሚስታቸውን ቁርጥሽን እወቂ ሊሉ የመጡት ሰው፣ ልጁን መጠበቁን ራሳቸው ተረከቡት። ዛሬ አርጅተው ከመስጊዱ ጎን ካለው ሱቅ ደጃፍ ይቀመጣሉ። በዚያ በኩል ሳልፍ ሰላም እላቸዋለሁ። የማንም መንገደኛ ስልክ ይጩህ፣ ቀና ብለው ያያሉ።